ተራራው ሳይወድቅ፦ ኖርዌይ ለማስጠንቀቂያ ባለቤት ያበጀችበት ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2015 ለዕይታ የበቃውን «ማዕበሉ» የተሰኘ የኖርዌይ ፊልም ያየ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው ጥቁሩ ውኃ በሌሊት መንደሩን ሲውጥ ይሆናል። የታሪኩ ቁም ነገር ግን ያለው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ውኃው ገና ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በአንድ የክትትል ጣቢያ ውስጥ ነው። የከርሰ ምድር ጠበብቱ ክርስቲያን በተራራው ውስጥ የተተከሉት መሣሪያዎች ያልተለመደ ነገር እንደሚናገሩ ይረዳል፤ ነዋሪውም ቶሎ እንዲወጣ ይወተውታል። አለቃው ያመነታል። ወቅቱ እንግዳ የሚጎርፍበት ነው፤ ደወሉ ተደውሎ ተራራው ሳይወድቅ ቢቀር የጣቢያው ስም ይጠፋል፣ የመንደሩም ገበያ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ደወሉ ሲደወል ለሰዉ የቀረው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

በሮአር ኡታውግ የተዘጋጀው ይህ ፊልም አንድ ቤተሰብን ይከተላል። አባት ክርስቲያን አዲስ ሥራ አግኝቶ ከመንደሩ ሊለቅ ጓዙን ጠቅልሏል፤ እናት ኢዱን በሆቴል ትሠራለች፤ ሁለቱ ልጆች በዚያች ሌሊት በተለያየ ቦታ ናቸው። ኖርዌይ ፊልሙን በውጭ ቋንቋ ዘርፍ ለኦስካር ውድድር አቅርባዋለች። የውጭ ተመልካች ከሆሊውድ የአደጋ ፊልሞች ጋር አነጻጽሮ ማየቱ አይቀርም። ለኖርዌይ ተመልካች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በእውነተኛ አደጋዎች ትዝታ ነው፤ እወድቃለሁ እያለ የሚያስፈራራው የኦከርኔሴት ተራራም በእውን አለ፤ ዛሬም በየዓመቱ ጥቂት ሴንቲሜትር እየተንሸራተተ ነው።

ስለዚህ የፊልሙን ጥያቄ ወደ ታሪክ መመለስ ተገቢ ይሆናል። አደጋ እንደሚመጣ እየታወቀ ሰው ለምን ይሞታል? እውቀትስ ወደ ውሳኔ የሚለወጠው በምን መንገድ ነው? የኖርዌይ የመቶ ዓመት ልምድ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው።

ሦስት ሌሊቶች

የምዕራብ ኖርዌይ መልክዓ ምድር በበረዶ ግግር የተቀረጸ ነው። ባሕሩ በገደሎች መካከል ረጅም ርቀት ወደ የብስ ይገባል፤ ይህ ጠባብና ጥልቅ የውኃ ሸለቆ ፊዮርድ ይባላል። ሊታረስ የሚችለው መሬት ትንሽ ነው፤ ያውም የሚገኘው በአብዛኛው በውኃው ዳር፣ በገደሉ ሥር ነው። ገበሬው ቤቱን የሠራው እርሻው ባለበት ነው፤ ምርጫም አልነበረውም። ተራራ ሲናድ ግን የሚገድለው የሚወድቀው ድንጋይ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ሲገባበት የሚገፋው ውኃ በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ መበተኛ ስለማያገኝ ወደ ላይና ወደ ጎን ይወረወራል፤ ከናዳው ብዙ ርቀት ላይ ያለችውንም መንደር ይደርስባታል።

የመጀመሪያው ሌሊት ጥር 15 ቀን 1905 ነበር። በሎየን ሸለቆ የራምነፍዬል ተራራ አንድ ክፍል ተገንጥሎ ሎቫትነት ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። የተነሣው ማዕበል በሐይቁ ራስጌ ያሉትን የቦዳልንና የኔስዳልን መንደሮች ጠርጎ 61 ሰዎች ገደለ። በሐይቁ ላይ የምትሠራ አንዲት የእንፋሎት ጀልባም ከውኃው ወጥታ ርቃ የብስ ላይ ተጣለች። ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራትን አንድነት አፍርሳ ራሷን የቻለችው ከዚያ አደጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አዲሱ መንግሥት ሲመሠረት የሎየን ሐዘን ገና አልበረደም ነበር።

ሁለተኛው ሌሊት ሚያዝያ 7 ቀን 1934፣ ከንጋቱ በፊት ነው። ከታፍዮርድ መንደር ራቅ ብሎ ከሚገኘው ላንግሃማረን ከተባለ ገደል ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት አለት ወደ ፊዮርዱ ወረደ። በናዳው አቅራቢያ ውኃው እስከ 62 ሜትር ከፍታ ወጣ። በታፍዮርድ 23፣ በፊዮሮ ደግሞ 17 ሰዎች ሞቱ፤ በድምሩ 40 ማለት ነው።

ሦስተኛው መስከረም 13 ቀን 1936 ሲሆን ቦታው እንደገና ሎየን ነው። ያው ተራራ በያው ሐይቅ ላይ ተናደ። በዚህኛው ጊዜ ውኃው ከ70 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ 74 ሰዎች ገደለ፤ በመጀመሪያው አደጋ ከሞቱት የሚበልጡ ናቸው። በ31 ዓመት ውስጥ በሦስት ሌሊቶች፣ በጥቂት ትናንሽ መንደሮች፣ 175 ሰዎች አለቁ።

ማወቅ ብቻውን ሲያንስ

ስለ እነዚህ አደጋዎች ሲነገር «ሳይታሰብ የደረሰ» የሚለው አባባል በብዛት ይሰማል። አባባሉ ትክክል አይደለም። በታፍዮርድ የአካባቢው ሰዎች በላንግሃማረን ላይ ስንጥቅ እንዳለ ከአደጋው በፊት ያውቁ ነበር። በሎየን ደግሞ ከ1905 በኋላ ማንም «አላወቅሁም» ሊል አይችልም፤ ተራራው የጎደለው ጎኑ እየታየ ከፊት ለፊት ቆሟል። ሆኖም ሰዎች ተመልሰው ቤት ሠሩ፣ ልጆችም አሳደጉ።

ይህን በሞኝነት ማመካኘት ይቀላል፤ ግን አያስኬድም። አንድ ገበሬ ያለው ሀብት በሙሉ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ያለ እርሻ ነው። ተራራው ይወድቃል ቢባል እንኳ መቼ እንደሚወድቅ የሚነግረው የለም፤ ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከመቶ ዓመት በኋላም። ለቆ ቢሄድ የሚካሰው የለም፣ የሚሄድበትም መሬት የለም። በዚያ ዘመን ተራራውን በቋሚነት የሚለካ፣ ለውጡን የሚተረጉም፣ ጊዜው ሲደርስ «ውጡ» የሚል፣ ለወጡትም ማደሪያ የሚያዘጋጅ ተቋም አልነበረም። ስጋቱ በየቤቱ ያለ የግል ስጋት ነበር። የግል ስጋት ደግሞ በዕለት ጉርስ ይሸነፋል።

አማርኛ ለዚህ ሁኔታ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አስቀድሞ መከላከልን ይመክራል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ደግሞ የዘገየ ማስጠንቀቂያን ያፌዝበታል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሳይናገሩ ያልፋሉ፤ ቅጠሉን የሚይዘው ማን ነው? ጅቡ ሳይመጣ እንዲጮኽ የታዘዘውስ ውሻ የትኛው ነው? የኖርዌይ የኋላ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ቀስ በቀስ፣ በየዘመኑ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደ የተሰጠ መልስ ነው።

ከካሣ ወደ ኃላፊነት

የመጀመሪያው እርምጃ መሣሪያ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። በ1961 በወጣ ሕግ ኖርዌይ የተፈጥሮ አደጋ ጉዳት ፈንድ አቋቋመች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በናዳ፣ በጎርፍ ወይም በማዕበል ንብረቱን ያጣ ሰው፣ ጉዳቱን መድን የማይሸፍንለት ከሆነ፣ የሕዝብ ገንዘብ ይደግፈው። በ1980 ሁለተኛ እርከን ተጨመረበት፤ በመድን ድርጅቶች የጋራ ቋት አማካይነት በእሳት አደጋ መድን የተገባለት ቤትና ንብረት ሁሉ ለተፈጥሮ አደጋም በራሱ ዋስትና እንዲኖረው ተደረገ። የአረቦኑ ምጣኔ በመላ አገሪቱ አንድ ነው። ከገደል ሥር የሚኖረውም በሜዳ ከተማ የሚኖረውም ለተፈጥሮ አደጋው በእኩል ምጣኔ ይከፍላሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር መመርመር አለበት። ብዙ ጊዜ «ኖርዌይ የነዳጅ ሀብታም ስለሆነች ነው» ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነው ከፊሉ ብቻ ነው። ዛሬ በተራራው ላይ የተደረደሩት ውድ መሣሪያዎች ከሀብት ጋር እንደሚያያዙ አይካድም። ነገር ግን የ1961ዱ ሕግ የወጣው በሰሜን ባሕር ትልቁ የኤኮፊስክ የነዳጅ ክምችት በ1969 ከመገኘቱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ነው። የአንዱ ሸለቆ አደጋ የሁሉም ዕዳ ነው የሚለው መርሕ ነዳጁን ቀድሞታል። ነዳጁ መርሑን አስፋው፤ አልፈጠረውም። በፊልሙ ውስጥ ክርስቲያን ተራራውን ትቶ ሊሄድበት ያሰበው አዲስ ሥራ በነዳጅ ኩባንያ መሆኑ በዚህ ዐይን ሲታይ ትርጉም አለው፤ ዕውቀቱን የሚፈልጉት ሁለት አሠሪዎች ናቸው፤ አንደኛው ግን ብዙ ይከፍላል።

ካሣ ግን ሙታንን አያስነሣም። ሁለተኛው እርምጃ ተራራውን መመልከት ነበር። የኦከርኔሴት ስንጥቅ እንቅስቃሴ መለካት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ ሰፊው ጥናትና ቋሚው ክትትል ግን የተደራጀው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። የጥናቱ ግኝት የሚያስደነግጥ ነበር። በከፋ ግምት በአንድ ጊዜ ሊወርድ የሚችለው አለት ከ50 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል፤ ከታፍዮርዱ ናዳ ጋር ሲነጻጸር ከዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በአቅራቢያው ያለችው ሄለሲልት እና ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ፊዮርድ ዳር ያለችው ጋይራንገር በማዕበሉ መንገድ ላይ ናቸው። ጋይራንገር ቋሚ ነዋሪዋ ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ በበጋ ግን መርከቦች በሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ያራግፉባታል።

የክትትሉ ማዕከል መጀመሪያ ላይ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤቶች የጋራ ሥራ ነበር። ይህ ደካማ ጎን ነበረው። አነስተኛ ማዘጋጃ ቤት የቱሪዝም ገቢውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የነዋሪውን ደኅንነት በአንድ ሚዛን እንዲመዝን ይገደዳል። በ2009 የናዳ አደጋን የመከላከል አገራዊ ኃላፊነት ለውኃ ሀብትና ኢነርጂ ዳይሬክቶሬት ተሰጠ፤ በኋላም የተራራው ክትትል ራሱ ወደዚሁ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በፊልሙ ውስጥ አለቃውን ያስጨነቀው የእንግዳ ወቅት ጉዳይ፣ በእውኑ ዓለም የተፈታው ደፋር አለቃ በመሾም አልነበረም። ከገበያው የራቀ ተቋም ኃላፊነቱን በመውሰዱ ነው።

ሥራውም ተከፋፈለ። የከርሰ ምድር ባለሙያዎች በጨረር፣ በራዳር፣ በሳተላይት አቀማመጥ መለኪያና በጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ በተተከሉ መሣሪያዎች የተራራውን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ የአደጋውን ደረጃ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ያውጃሉ። ነዋሪው እንዲወጣ የሚያዘው ፖሊስ ነው፤ ማደሪያና ስምሪት የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ነው። አንዱ ይመዝናል፣ ሌላው ያዛል፣ ሦስተኛው ይቀበላል። ይህ አሰላለፍ የቢሮ ዝርዝር ይምሰል እንጂ ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ነው፤ መረጃውን የሚያወጣው ባለሙያ የመንደሩን ኪሳራ በትከሻው እንዳይሸከም ይጠብቀዋል።

ዐሥራ ስድስት ጊዜ

ፊልሙ ለሰዉ ዐሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። እውነተኛው ሥርዓት የተዘረጋው ግን ዐሥር ደቂቃ ፈጽሞ እንዳይቀር ነው። ትልልቅ ናዳዎች ከመውደቃቸው በፊት በአብዛኛው ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ ክትትሉ ያንን ለውጥ ቀናት አስቀድሞ ለማየት ይጥራል። ስለዚህ እውነተኛው ድራማ እንደ ፊልሙ ፈጣን አይደለም፤ ዘገምተኛና አሰልቺ ነው። ጥሩው ምስክር በራውማ ማዘጋጃ ቤት የሚገኘው ቨስለማነን፣ በግርድፉ «ትንሹ ሰውዬ»፣ የተባለው የተራራ ክፍል ነው።

በ2014 መኸር ይህ አለት ፍጥነቱን ጨመረ፤ ከሥሩ ያሉት ጥቂት ቤቶች ነዋሪዎች እንዲወጡ ታዘዙ። የአገሪቱ ቴሌቪዥን ካሜራውን ተራራው ላይ ተክሎ ጠበቀ። አልወደቀም። ነዋሪዎቹ ተመለሱ። በቀጣዮቹ ዓመታት ዝናብ በበዛ ቁጥር አለቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ሰዎቹ እንደገና ወጡ፣ እንደገናም ተመለሱ። ከብት ያለው ከብቱን፣ ልጅ ያለው ልጁን ይዞ በድምሩ 16 ጊዜ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ቀልደኛው ቀለደ፣ ተቺውም ተቸ። መስከረም 5 ቀን 2019 ምሽት፣ ነዋሪዎቹ ለ16ኛ ጊዜ በወጡበት ወቅት፣ ቨስለማነን ተናደ። ማንም አልተጎዳም።

ዐሥራ አምስቱ ማስጠንቀቂያዎች የሐሰት ነበሩ ማለት ይቻላልን? የፖሊሲ ሰዎች ረጋ ብለው ሊያስቡበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። ተራራው ዐሥራ አምስቱንም ጊዜ በእውነት ተንቀሳቅሷል፤ ያልታወቀው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት። ዐሥራ ስድስተኛውን የሚያስገኘው ዐሥራ አምስቱን መታገሥ ነው። ትዕግሥት ግን ከነዋሪው ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ አይዘልቅም። ሥርዓቱ ሊቆም የቻለው የሚወጣው ሰው መውጣቱ በተደነገገ አሠራር ስለሚመራ፣ ትእዛዙን የሰጠውም አካል ተራራው ባለመውደቁ ምክንያት ከሥልጣኑ ስለማይነሣ ነው። ስሕተት የሚመስል ጥንቃቄ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ደወሉን ከመንካቱ በፊት እንደ ፊልሙ አለቃ ያመነታል።

ያልታየው መሬት

ይህ ሁሉ ሲባል ኖርዌይ ችግሩን ፈጽማ ፈትታለች ማለት አይደለም። ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ሌሊት፣ ከዋና ከተማዋ ከኦስሎ ብዙም በማትርቀው በዬርድሩም ማዘጋጃ ቤት፣ አስክ በተባለች ሰፈር መሬቱ ተንዶ ቤቶችን ይዞ ወረደ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። እዚያ የሚያስፈራ ገደል አልነበረም፤ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከሥሩ ግን ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ የሚሆን የሸክላ አፈር ነበር። በመንግሥት የተሰየመው አጣሪ ኮሚቴ የአደጋው መነሻ በአቅራቢያው ያለ አንድ ጅረት መሬቱን መሸርሸሩ እንደሆነ በ2021 አስታወቀ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኦከርኔሴት ግዙፍና ስመ ጥር ነው፤ ፊልም ተሠርቶለታል፣ መሣሪያ ተተክሎበታል። በዬርድሩም ያለው ጅረት ግን ቀን ከሌት ሥራውን ሲሠራ የሚመለከተው ካሜራ አልነበረም። ተቋም ዐይኑን የሚተክለው አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው አደጋ መልክ ላይ ነው። ታፍዮርድና ሎየን ኖርዌይን ተራራ እንድታይ አስተማሯት፤ ዬርድሩም ደግሞ በሕንጻ ፈቃድ፣ በውኃ ፍሳሽና በጅረት ዳር ጥበቃ ውስጥ የተደበቀውን አደጋ እንድታይ አስገደዳት።

ሌላም ያልተቋጨ ክርክር አለ። የኖርዌይ የግንባታ ደንብ በተራራ ናዳ ማዕበል በሚያሰጋ ቦታ፣ ክትትልና የመልቀቂያ ዝግጅት ካለ፣ በተወሰነ ሁኔታ ግንባታን ይፈቅዳል። ያለዚህ ልዩ ፈቃድ እንደ ሄለሲልትና ጋይራንገር ያሉ መንደሮች ትምህርት ቤት ማደስ፣ ለወጣቶች ቤት መሥራት አይችሉም ነበር፤ ቀስ በቀስም ይከስማሉ። ፈቃዱ ሲኖር ግን በሰው ሕይወትና በማዕበሉ መካከል የሚቆመው ነገር ማስጠንቀቂያው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የክትትሉ በጀት በአንድ የምክር ቤት ዘመን ሰፍቶ በሌላው የሚጠብ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። መንደሩ ለመቶ ዓመት እንዲኖር የፈቀደ መንግሥት ለመቶ ዓመት ለመጠበቅ ፈርሟል።

ቤተሰቡና ተቋሙ

የአደጋ ፊልም በባሕርዩ አንድን ቤተሰብ ይፈልጋል። ተመልካቹ ስለ ሜትር ኩብና ስለ ሕግ አንቀጽ አያለቅስም፤ የሚያለቅሰው በሆቴሉ ምድር ቤት ጆሮውን በሙዚቃ ማዳመጫ ዘግቶ ደወሉን ስላልሰማው ልጅና ልጇን ለመፈለግ ወደ ኋላ ስለተመለሰችው እናት ነው። «ማዕበሉ» ይህን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ነገር ግን ፊልሙ ለታሪኩ ሲል ነገሩን በአንድ አስተዋይ ሰው ላይ ይጥለዋል፤ ክርስቲያን ባይጠረጥር ኖሮ ማንም አይጠረጥርም ነበር።

የምዕራብ ኖርዌይ ታሪክ የሚያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። የሚጠረጥር ሰው በታፍዮርድም አልጠፋም። የጠፋው ጥርጣሬውን ተቀብሎ መዝግቦ፣ ለክቶ፣ ወደ ትእዛዝ የሚለውጥ፣ ትእዛዙም ለሚያስከትለው ኪሳራ የሚቆም አካል ነው። በ1905 እና በ1936 መካከል ያሉት 31 ዓመታት ያለ እንዲህ ያለ አካል አለፉ፤ ያው ተራራም ሁለት ጊዜ ገደለ። በ2014 እና በ2019 መካከል ያሉት አምስት ዓመታት ግን እንዲህ ያለ አካል ስለነበር፣ ትንሹ ሰውዬ በመጨረሻ ሲወድቅ ከሥሩ ማንም አልነበረም።

ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ አስቀድሞ የሚጠየቀው የመሣሪያ ዋጋ ነው። ከኖርዌይ ታሪክ የሚቀሰሙት ጥያቄዎች ግን ከዚያ ይቀድማሉ። አደጋውን የሚያውቀው ሰው የሚናገረው ለማን ነው? የሰማውስ ሰው የማዘዝ ሥልጣን አለውን? ታዝዞ የወጣው ነዋሪ ወዴት ይገባል? ተራራው ሳይወድቅ የቀረ እንደሆነስ ተጠያቂ የሚሆነው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ በሌለበት ቦታ መሣሪያ ቢተከል የአደጋውን ሰዓት በትክክል ይመዘግብ ይሆናል እንጂ ሰው አያድንም። ኦከርኔሴት ዛሬም በዝግታ እየተንሸራተተ ነው፤ ከሥሩ ያሉት መንደሮች ማታ የሚተኙት ተራራው አይወድቅም ብለው አይደለም፤ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሚቀሰቅሳቸው፣ ይህንንም ለማድረግ በሕግ የተገደደ አካል መኖሩን ስለሚያውቁ ነው።